ተጫዋች ሲወድቅ ዳኛው ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ነዋሪ ስሆን በክረምት በሚካሄዱ የሰፈር እግር ኳስ ውድድሮች በዳኝነት አገለግላለሁ። በቅርቡ ሁለት ልጆች ለቴስታ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንደኛው ወድቆ ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ፊሽካ ነፍቼ ስደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ አንዱ ውሃ ያፈስበታል፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፣ ሌላው ብብቱን ይዞ ሊያስነሳው ይታገላል። ልጁ ከደቂቃዎች በኋላ ተነስቶ «ደህና ነኝ» አለ፤ አሰልጣኙም ይግባ ብሎ ስለወተወተኝ አስገባሁት። ጨዋታው በሰላም ቢያልቅም ሐሳቡ አልተወኝም። ሐኪም በሌለበት ሜዳ ዳኛ ምን ማድረግ አለበት?

አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ከዳኞችም ከወላጆችም በተደጋጋሚ ስለሚደርሰኝ፣ ከዚያም በላይ በየሜዳው የማየው የተሳሳተ እርዳታ ስለሚያስጨንቀኝ ሰፋ አድርጌ እመልስልዎታለሁ። አራዳ የኳስ አገር ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውም እዚሁ ነው። ዛሬም ጃንሜዳ ላይ ሆነ በየመንደሩ በቀረው ክፍት ቦታ ልጆች ይጋጠማሉ። በአብዛኛው ግጥሚያ ሐኪምም አምቡላንስም የለም። ሁሉም የሚሰማው አንድ ሰው ቢኖር ፊሽካ የያዘው ነው።

ዳኛ እንዲያክም አልጠብቅም። የምጠብቀው ጨዋታውን በጊዜ እንዲያቆምና የወደቀውን ልጅ ከሚጣደፉ እጆች እንዲከላከልለት ነው። የጨዋታው ሕግም ለዚህ ሥልጣን ሰጥቶዎታል። በአምስተኛው ሕግ መሠረት ጉዳቱ ቀላል ከመሰለዎት ኳሷ እስክትወጣ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ከባድ ከመሰለዎት ወዲያውኑ ያቆማሉ። ፍርዱ የእርስዎ እንጂ የአሰልጣኙ ወይም የደጋፊው አይደለም። የሚደማ ተጫዋችም ይወጣል፤ ደሙ መቆሙን እርስዎ ሳያረጋግጡ አይመለስም። ሰዓት ለመግደል የሚተኛ እንዳለ አውቃለሁ። ሲነሳ ቢጫ ካርድ ይስጡት፤ ተኝቶ ሳለ ግን አስመሳይ ነው ብለው አይለፉት።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ማንም ሳይነካው የሚወድቅ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በአውሮፓ ዋንጫ ዴንማርክ ከፊንላንድ ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ወደቀ። እንግሊዛዊው ዳኛ አንቶኒ ቴይለር በሰከንዶች ውስጥ ጨዋታውን አቁሞ ሐኪሞቹን ጠራ። ደረቱ እየተጫነ፣ በልብ ማስነሻ መሣሪያም ታግዞ ተረፈ፤ ወደ ኳስም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ የወደቀው ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎኤ ግን አልተረፈም።

ስለዚህ ሲጠሩትና ሲነኩት የማይመልስ፣ በደንብም የማይተነፍስ ተጫዋች ካጋጠመዎት ልቡ ቆሟል ብለው ይነሱ። አልፎ አልፎ የሚመጣ ማጣጣር እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም። ልብ ሲቆም ሰውነት ለጥቂት ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ ክብሪት ፍለጋ የሚሮጠውና ወርቃማው ደቂቃ የሚባክነው ያኔ ነው። የልብ ማስነሻ ሳይደረግለትና ደረቱ ሳይጫን በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አንዱ ስልክ ይደውል፤ ሌላው ሁለት እጁን ደርቦ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እያስገባ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ሲደክመው ሌላ ሰው ይተካው። ልጁ እስኪነቃ ወይም አምቡላንስ እስኪደርስ አይቋረጥ።

ክብሪቱን በተመለከተ እባካችሁ ይቅር! የክብሪት ጭስ የሚጥል በሽታን አያቆምም፣ ራሱን የሳተን አያነቃም፤ ፊት ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያውካል። «ምላሱን ዋጠ» ተብሎ ጣት ወይም ማንኪያ አፍ ውስጥ መክተትም እንዲሁ ነው። ምላስ አይዋጥም። የሚንቀጠቀጠውን በኃይል አይያዙት፤ አካባቢውን ያጽዱለት፣ ሲያበቃ ትንፋሹን ያረጋግጡና በጎኑ ያስተኙት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውሃ አይጨመርም።

አሁን ወደ እርስዎ ልጅ ልምጣ። ሲጋጭ ራሱን ከሳተ፣ ለሰከንዶችም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል። ራሱን ባይስትም አንጎል ሊናወጥ ይችላል፤ የፈዘዘ፣ የተንገዳገደ፣ አንድ ጥያቄ የሚደጋግም፣ ያስመለሰው ተጫዋች ይውጣ። «ደህና ነኝ» ማለቱን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ የተጎዳው የሚመልስልዎት አካል ራሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ጭንቅላቱን ተመቶ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ቆየት ብሎ ዳኛውን ኒኮላ ሪዞሊን «ይህ የፍጻሜ ጨዋታ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዳኛው ነገሩን ለጀርመን ተጫዋች ተናገረ፤ ክራመርም ወጣ። እርስዎም ይጠይቁ፦ ውጤቱ ስንት ነው? መጨረሻ ያገባው ማን ነው? ስንተኛው አጋማሽ ነው? ከተሳሳተ ይውጣ፣ በትክክል ቢመልስም ከተጠራጠሩ ይውጣ። ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ሲመታ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ አብጦ ሊገድል ይችላል። ለአንድ የሰፈር ዋንጫ ይህን የሚያህል ዕዳ አይገባም። ልጁን ፈልገው ያግኙት፤ አሁንም ራሱን የሚያመው፣ የሚያዞረው፣ ትምህርት የማይገባው ከሆነ ይታይ። ቢያንስ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይረፍ፤ ወደ ኳስ የሚመለሰው ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ደረጃ በደረጃ ነው።

አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን፣ እጅ እግሩ የደነዘዘውን ማንም አያንሳው። ዝናብ ቢመጣ እላዩ ላይ ጃንጥላ ይያዝ።

ስለ ስብራት ስናገር ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ልጅ እግሩ ይሰበራል፤ ከሜዳው በቅርብ ርቀት ሆስፒታል እያለ ወጌሻ ቤት ይወሰዳል። ይታሻል፣ ይጎተታል፣ በቀርከሃ ጥርቅ ተደርጎ ይታሰራል። እብጠቱ በማሰሪያው ሥር ደም ያፍናል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ሕመሙን «እየጠገነው ነው» ይሉታል። እኛ ሐኪሞች ዘንድ ሲደርስ መቁረጥ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጥቂት ሳምንት ጀሶ ይዘህ ጠብቅ ቢባል የማይቆረጥ እግር! ወላጆች የምትሠሩት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወጌሻው አባት የተከበሩ፣ ክፍያቸው ቀላል፣ ቤታቸው ቅርብ ነው። በክለብ ውስጥ ሠልጥነው የሚሠሩትንም አልነቅፍም። ግን ራጅ ያልታየ አጥንት አይታሽም፣ አይጎተትም። ዳኛውም «እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ ሜዳ የሚገባውን ይመልስ፤ የወለቀ ትከሻም ቢሆን እንዳለ ይደገፍና ይሂድ። ጀሶ የተደረገላችሁም «ቀለለኝ» ብላችሁ ከቀጠሮው በፊት አትቅደዱት።

የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ የቡና ዱቄት አይነስነስበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አይዘንጋ። ለቁስሉ አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ቁስሉ ደረቀ ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም፣ የተረፈውንም ለወንድም መስጠት የለም።

ወለምታ ሲሆን እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ እግርን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ መርገጥ ካቃተው ራጅ ይነሳ። ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ወደ ሜዳ መመለስ ጉዳቱን ማባባስ ነው።

ከሚቀጥለው ግጥሚያ በፊት ሁለቱን አሰልጣኞች ጠርተው ይነጋገሩ። ስልክ የሚደውለው ማን ነው? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ 939 መሆኑን ሁሉም ይወቅ። የአራዳ መንደር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ለመኪና ጠባብ ስለሆነ አስፋልት ዳር ወጥቶ አምቡላንሱን የሚመራ ልጅ አስቀድሞ ይመደብ። የካቲት 12፣ ራስ ደስታና ምኒልክ ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ከጆሮና ከአፍንጫው ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ኑ።