ከውጭ የመጣ በላተኛ ዓሣን ከወንዝ ስለ ማስወገድ

ገበሬዎች ሆይ፤ ማሳችሁን አርማችሁ ስትጨርሱ የመስኖው ቦይ የአረም ዘር ይዞ ቢገባ ድካማችሁ ከንቱ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የወንዝ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን የዓሣ አረም ከታች ወደ ላይ እየዋኘም ይመጣል።

በደቡብ አፍሪካ ከሴደርበርግ ተራሮች የሚወርድ ሮንደጋት የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ባስ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ወደዚያ አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያስገቡትም በመንጠቆ ማጥመድ ለሚወዱ ሰዎች መዝናኛ እንዲሆን ነው። ባስ ትንንሽ ዓሣ ይበላል። ስለዚህ እርሱ በደረሰበት የሮንደጋት ክፍል ትንንሾቹ የአገሩ ዓሦች ጠፉ፤ ለአፉ የማይመጥኑ ትልልቆች ብቻ ቀሩ። ሽማግሌ ብቻ የቀረበትን መንደር አስቡ! ከእነዚህም ዓሦች አንዳንዶቹ ከኦሊፋንትስ ወንዝና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ደግነቱ ባሱ ሊወጣው ያልቻለ ፏፏቴ ስለ ነበረ ከዚያ በላይ ዘራቸው ተረፈ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. ከፏፏቴው እስከ ታችኛው ግድብ ባለው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ ተደረገ። ሮቴኖን በዓሣው ስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ በአየር እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። ባሱን ከአገሩ ዓሣ አይለይም፤ የውኃውንም ትንንሽ ነፍሳት ይጎዳል። ስለዚህ መጠኑ በወንዙ ፍሰት ልክ ተሰላ፤ ከታችም መርዙን የሚያረክስ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ተጨመረ። ባሱ አለቀ፤ የአገሩ ዓሦችም ከፏፏቴው በላይ ወርደው ቦታቸውን ያዙ። በእኔ አስተያየት ዋናውን ሥራ የሠራው ግድቡ ነው፤ እርሱ ባይኖር ባሱ ከታች ተመልሶ ይወጣ ነበር።

ይህን አንብባችሁ ግን ብርብራ ወቅጣችሁ ወደ ወንዝ እንዳትበትኑ! በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው ይኸው ሮቴኖን ነው። ያለ ልክና ያለ ማርከሻ የተበተነ ብርብራ ጫጩቱንም እናቱንም ጨርሶ፥ ወደ ታች ወደ ጎረቤት ውኃ ይወርዳል።

ግድብም ቢሆን በየቦታው አይበጅም። ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች ላይ ነጭ ዓሣ ለመራባት ሽቅብ ስለሚወጣ መንገዱ ቢዘጋበት ይጎዳል። ስለዚህ በሮንደጋት የጠቀመው በጉማራ ወይም በርብ ይጠቅማል ማለት አይደለም።

ከእናንተ የሚፈለገው ሥራ ቀላል ነው። ከአንዱ ወንዝ ወይም ሐይቅ ሕያው ዓሣ በባልዲ ይዛችሁ ወደ ሌላው አትልቀቁ፤ ጫጩት ብትፈልጉ የወረዳችሁን የዓሣ ባለሙያ ጠይቁ። ኩሬ ያላችሁ ደግሞ በውኃ መውጫው ላይ ዓይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት አድርጉ፤ ክረምት ከመግባቱም በፊት ጎርፍ እንዳያሻግረው የኩሬውን ዳር ከፍ አድርጋችሁ በአፈር ደልድሉት።