አረቄን ለመተው ንስሐም ሐኪምም

ጥያቄ፦ ቡሬ አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። አረቄ ተጠናውቶኝ ትዳሬን ሊበትነው ነው። ደጋግሜ ተውኩት ብዬ ተመለስኩበት። ጸበል ልግባ ወይስ ሐኪም ቤት ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በራስዎ ጊዜ በድንገት አያቋርጡ። የለመደውን አልኮል ያጣ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት አንፈራግጦ ሊጥል፣ ሊያቃዥ፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ሱባዔ ከመያዝዎ በፊት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይታዩ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ጸበል ቦታም ቢሆን አይተዉ።

ከዚያ ለንስሐ አባትዎ ምንም ሳይሸሽጉ ይናገሩ። ጾሙንና ስግደቱን በአቅምዎ ልክ እንዲያዙልዎ የሐኪሙን ምክር ጭምር ይንገሯቸው።

ትልቁ ፈተና ያለው ድግስ ላይ ነው። ሰንበቴው ላይ ጠላ ሲቀዳ፣ ተዝካር ላይ አረቄ ሲዞር «አንዲት መለኪያ ብቻ» የሚል አይጠፋም። አስቀድመው ለማኅበሩ መሪ (ለሙሴው) ያስታውቁ፤ ለእርስዎ ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ይቅረብልዎ። ባለቤትዎም ከጎንዎ ይቀመጡ።

ቢያዳልጥዎ ተስፋ አይቁረጡ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ አስቄጥስ በረሃ የኖረው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር። ከመነኮሰም በኋላ የቀድሞ ፈተናው ሲበረታበት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ጭንቀቱን ይነግራቸው ነበር። እርሳቸውም ሰገነት ላይ አውጥተው፣ ጨለማው በንጋት ብርሃን ቀስ በቀስ ሲገፈፍ አሳዩት፤ የሰው ለውጥም እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው። እርስዎም የወደቁ ዕለት፣ በዚያው ቀን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ሰውን ወደ መለኪያው የሚመልሰው መደበቁ ነው።