ውድ እና ብርቅ

ሰው አጥብቆ የሚሻውን ነገር በምን ስም ይጠራዋል? እንግሊዞች እጅግ ያማረውን ነገር «ጄም» ይሉታል፤ ይኸውም ዕንቁ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚመኘውን ሥራ ግን «ፕላም» ይሉታል። ፕላም በአማርኛ ፕሪም የሚባለው ፍሬ ነው፤ ሹመትን በፍሬ መጥራት ለአበሻ ጆሮ እንግዳ ነው። የሚሳሱለትን ሰው ደግሞ የዓይኔ «አፕል» ይሉታል። የጥንት ሰዎቻቸው የዓይንን ብሌን እንደ ፍሬ ድቡልቡል አድርገው ያስቡት ነበርና። አማርኛ ግን ብሌንን በስሙ ይጠራል።

«ዲር» የሚለው ቃላቸው ከአማርኛው «ውድ» ጋራ እንደ መንታ ነው። ሁለቱም የተወደደውን ሰውና ዋጋው የከበደውን ዕቃ ባንድ ስም ይጠራሉ። በገበያም «ጤፍ ተወደደ» ይባላል፤ ነገር ግን ጤፍ በተወደደ ቀን እናት ደስ አይላትም።

ብርቅ ከዚህ ይለያል። ብርቅ የሚባለው ስለማይገኝ ነው፤ በየቤቱ የተገኘ እንደ ሆነ ስሙ ይቀርበታል። በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያለ ሽቦ ወሬ ከሚያስተላልፈው ጣቢያ የመጣ ነው። ቃል በነፋስ መሄዱ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሽቦ በሌለው ስልክ ከሩቅ ልጅዋ ጋራ ትነጋገራለች፤ ዘወር ብሎ የሚያያት የለም። ልጅዋን ግን ዛሬም «ውዴ» ትለዋለች።