ቅልለትና ውኃ አለማሳለፍ፦ የቡሽ ጠባያትና የጋምቤላ አቻዎቻቸው

መግቢያ

በጋምቤላ ከተማ መጠጥ ቤቶች ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር የሚጣለው ክዳን ቆርኪ ይባላል። ስያሜው ቡሽ በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት «ኮርክ» ጋር ያለው ቅርበት ግልጽ ነው። ዊልያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘበት የብረት ክዳን ውስጡ በስስ ቡሽ የተለበጠ ነበር። ዛሬ ልባጡ ፕላስቲክ ሆኗል፤ የቀረው ስሙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቡሽን ጠባያት መነሻ በማድረግ በጋምቤላ አካባቢ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ዕፅዋትን ማነጻጸርና ቅልለት ብቻውን ቡሽን እንደማይተካ ማሳየት ነው።

የቡሽ ተፈጥሮ

ቡሽ በምዕራብ ሜዲትራኒያን የሚበቅለው የኩዌርከስ ሱበር ዛፍ ውጫዊ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ይገፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ9 ዓመቱ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ይሰበሰባል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው ሥራው «ሴል» የሚለውን ስያሜ የሰጠው በቡሽ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ለተመለከታቸው ጥቃቅን ክፍሎች ነበር። ሴሎቹ በአየር የተሞሉ በመሆናቸው የአንድ ሜትር ኩብ ቡሽ ክብደት በአብዛኛው ከ120 እስከ 240 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ግድግዳቸው ደግሞ ሱበሪን የተባለ ውኃን የሚከላከል ንጥረ ነገር ይዟል። ስለዚህ ቡሽን የሚያቀለው አየሩ ሲሆን፣ አየሩን ጠብቆ የሚያቆየው ሱበሪኑ ነው።

የአካባቢው አቻዎች

የመጀመሪያው አምባች ነው። ይህ ከባቄላ ወገን የሆነ እሾሃማ ተክል በነጭ ዓባይ ረግረጎች፣ የባሮ–አኮቦ–ሶባትን ተፋሰስ ጨምሮ፣ ይበቅላል። እንጨቱ እንደ ቡሽ ቀላል በመሆኑ የሺሉክ ሕዝብ ግንዶቹን አስሮ ታንኳ ይሠራበታል፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆችም ለዓሣ ማስገሪያ ታንኳ ያገለግላል። ሆኖም እንጨቱ ቀስ በቀስ ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት።

ሁለተኛው በቆሎ ነው። የአኙዋ ገበሬዎች በወንዝ ዳር የሚያመርቱት በቆሎ ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረው ቆረቆንዳ፣ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እንደሚታየው፣ ለጠርሙስና ለጀሪካን ውታፍ ይሆናል። ቆረቆንዳ ተጨምቆ አፍ ይዘጋል፤ ነገር ግን እርጥበት ይስባል፣ እንደ ቡሽም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

ሦስተኛው በኑዌር ዘንድ የወተት ዕቃ የሆነው ቅል ነው። አፉ የተደፈነ ደረቅ ቅል ጠንካራ ልጣጩ አየሩን ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፤ በአሠራሩ ከሦስቱ ይበልጥ የቡሽን ሴል የሚመስለው እርሱ ነው። ድክመቱ አንድ ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው መሆኑ ነው፤ በቡሽ ግን የአንድ ሴል መቀደድ ሌሎቹን አይነካም።

ማጠቃለያ

ንጽጽሩ እንደሚያመለክተው አምባች ቅልለት አለው፣ ቆረቆንዳ መጨመቅ ይችላል፣ ቅል አየር ይይዛል፤ ሦስቱንም በአንድነት የያዘው ቡሽ ነው። አምባችና ቆረቆንዳ በዋናነት የሚጎድላቸው እርጥበትን የሚከላከል ሽፋን ነው። በዚሁ ክልል የመዠንግር ማኅበረሰብ በንብ እርባታው የታወቀ በመሆኑ ሰም በቅርብ ይገኛል። በመሆኑም ሰም የተቀባና ያልተቀባ አምባች በውኃ ውስጥ እየተመዘነ በየቀኑ የሚጠጣው መጠን ቢለካ፣ ለመረብ የሚሆን የአካባቢ ተንሳፋፊ መሥራት መቻል አለመቻሉ በትንሽ ወጪ ይታወቃል። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ ግን አምባች እንደ ቡሽ ቅርፊቱ ብቻ የሚገፈፍ ሳይሆን ግንዱ የሚቆረጥ ተክል መሆኑ፣ አጠቃቀሙም ከረግረጉ ጥበቃ ጋር መታሰብ እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም።