ለአቀስታ በያጆች፣ ደንበኞችና ጎረቤቶች፦ ስለ ሚግ ብየዳ ማሳሰቢያ

የቤታችን በር፣ የመስኮታችን ፍርግርግ፣ የሮቶው ማቆሚያ፣ የልጆቻችን ዴስክ፣ የአይሱዙው ስፖንዳ፣ ሁሉም በመንገድ ዳር ብረታ ብረት ቤቶቻችን በኩል ያለፈ ነው። ስለዚህ የብየዳ ነገር የበያጁ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሁን ደግሞ ሚግ ማሽን የገዛም፣ ለመግዛት የሚያስብም ከመካከላችን አይጠፋም።

በሚግ ኤሌክትሮድ መቀያየር የለም። ከጥቅል የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በቶርቹ ውስጥ እየተገፋ ይቀልጣል፤ ከቦምቦላው የሚወጣው ጋዝ ደግሞ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር በዋናነት ለአልሙኒየም ነበር፤ ለተራው ብረት የተስፋፋው በ1950ዎቹ ርካሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከገባ በኋላ ነው።

ሚግ ለመልመድ ይቀላል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው። በኤሌክትሮድ የተበላሸ ብየዳ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ ያጋልጠዋል። በሚግ ግን ሽቦው ከብረቱ ሳይዋሐድ ላዩ ላይ ተኝቶ፣ አምሮ ሊቀር ይችላል። በያጁ በቅንነት ያስረክባል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይወስዳል፤ ሲለቅ የሚወድቅበት ግን ሌላ ሰው ነው።

መቼ በሚግ፣ መቼ በኤሌክትሮድ

• ቀጭን ላሜራና ቱቦላሬ በሚግ እንበይድ፤ 1 ሚሊ ሜትሩን ላሜራ ኤሌክትሮድ ቶሎ ይበሳዋልና።
• ብዙ ተመሳሳይ ዴስክ ወይም አልጋ ሲታዘዝ ሚግን እንምረጥ፤ ቅርፊት መቀጥቀጥ ስለማይኖር ጊዜ ይተርፋል።
• የመኪና ሻንሲና የተጎታች መንጠቆ በአነስተኛ ባለ 220 ቮልት ሚግ አንንካ፤ ወፍራም ብረት ውስጡ ድረስ ለማቅለጥ ጉልበት ያንሰዋል፣ መንገድ ላይ የሚለቀውም ሰው ጭኖ ነው። ይህን ሥራ ለልምድ ላለው የኤሌክትሮድ በያጅ እንተውለት።
• ዝገትና ቀለም ሳይጠረግ አንጀምር፤ ሚግ ቆሻሻን እንደ ኤሌክትሮድ አይታገስም።

ነፋሳችንን እንወቅ

ስለ ሚግ በሌላ አገር የተጻፈ ምክር አብዛኛው ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። እኛ ግን የደጋ ሰዎች ነን፣ ሥራችንም በረንዳ ላይ ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ግድም የሚነፍስ፣ ቅጠል ብቻ የሚያወዛውዝ ነፋስ ጋዙን ገፍቶ አየር ያስገባል። ያኔ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል፤ አንዳንዱ ዓይን ላዩ ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

• ደጅ ስንሠራ በሸራ ወይም በላሜራ እንከልል፤ ካልሆነ ያን ቀን በኤሌክትሮድ እንሥራ።
• ነፋሱን ለማሸነፍ ብለን ጋዙን አብዝተን አንክፈት፤ ለተለመደው ሥራ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል፣ ሲበዛ እየተሽከረከረ ራሱ አየር ይስባል።
• ነፋሱን ፈርተን ክፍሉን ጥርቅም አናድርግ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ ጎንበስ ብሎ የሚያግዘው ልጅ ነው የሚታፈነው።
• ጋዙ ሲያልቅ «ለዛሬ ብቻ» ብለን ያለ ጋዝ አንበይድ፤ ቦምቦላው ተሞልቶ እስኪመጣ ኤሌክትሮዱ አለ።
• ያለ ጋዝ የሚሠራውን፣ ውስጡ ዱቄት ያለውን ሽቦ ስንጠቀም ገመዶቹን በመመሪያው መሠረት እናገላብጥ፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ሽቦ ቶርቹን ከኔጋቲቭ ጋር ይፈልጋል።

ከፍታችንንም አንርሳ። በ3,000 ሜትር ግድም ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ጄኔሬተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስንሠራ ይህን ካላሰብን ማሽኑ ኃይል ያጥረዋል፣ ያ አምሮ ያልያዘ ብየዳም ይመጣል።

ለጎረቤትና ለመንገደኛ

• ብልጭታውን ከመንገድ በኩል እንጋርድ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆመው ያዩታል፣ ሕመሙ ግን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ነው የሚነሳው።
• ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረውን ሰው ጤና ጣቢያ እንውሰድ፤ የሰው የዓይን ጠብታ አንስጠው፣ ሊጎዳው ይችላልና።
• ትልቅ ማሽን ተቀጣጥሎ በረዘመ የቤት ገመድ አንሰካ፤ ገመዱ ይግላል፣ የጎረቤት ምጣድና ፍሪጅም ይጎዳል።
• ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል አንበይድ፣ ታጥቧል ቢባልም፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የውሃ በርሜል የምንፈልግ ደንበኞችም እንዲህ ያለውን ይዘን በያጁን አናስጨንቅ።
• ዚንክ የተቀባ ብረት ስንበይድ ቅቡን እንፋቅ፣ ጭሱም እንዲወጣ እናድርግ፤ የዚንክ ጭስ ማታውን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።
• ቦምቦላ በሚኒባስ ከተሳፋሪ ጋር አንጫን፤ ቫልቩ ከተሰበረ ቦምቦላው ይወረወራል። በጭነት መኪና፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ በገመድ ታስሮ ይሂድ።

ለእኛ ለደንበኞች

• «ለነገ አድርስልኝ» ብለን አናጣድፍ፤ የሚቀረው ጠረጋውና መከለሉ ነው፣ እኛ ደግሞ አናየውም።
• በዋጋው እስከ መጨረሻ አንከራከር፤ ጋዝና ጥሩ ሽቦ ገንዘብ ነው።
• ሸክም የሚሸከም ነገር ስናዝዝ በያጁ ከዚያው ብረት ሁለት ቁራጭ አጋጥሞ እንዲበይድልን፣ በሞርሳ አስሮ በመዶሻ እንዲያጥፈው በትሕትና እንጠይቅ። ጥሩ በያጅ በዚህ አይቀየምም። ቁራጩ ከመጋጠሚያው ከተላቀቀ ዕቃውን ዛሬ አንውሰድ፤ ማሽኑን አስተካክሎ እንደገና እስኪሞክር ጊዜ እንስጠው።