ባዮሜዲካል ሳይንስ፦ ትምህርቱና የሚያደርስባቸው የሙያ መስኮች

መግቢያ

በአንድ የገጠር ጤና ኬላ ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ሰው ቀረበ እንበል። ከጣቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ይደረጋል። ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። ሁለት መስመር ከታየ ወባ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ከታየ የለም ማለት ነው። በመመርመሪያው ላይ የታየው አንድ መስመር ብቻ በመሆኑ ሕመምተኛው «ወባ አይደለም» ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይሁን እንጂ በደሙ ውስጥ ከወባ ዝርያዎች ሁሉ ገዳይ የሆነው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ይራባ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አልተሳሳተችም፤ መመሪያው ያዘዛትን በትክክል ፈጽማለች። መመርመሪያውም የተበላሸ አልነበረም። ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ ባዮሜዲካል ሳይንስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዘርፉን ምንነት፣ የትምህርቱን ይዘትና የሚያደርስባቸውን የሙያ መስኮች ከዚሁ የወባ ምሳሌ ሳንርቅ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ባዮሜዲካል ሳይንስ ምንድን ነው?

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰው አካል በጤንነትና በሕመም ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሽታ ከምን እንደሚነሣ፣ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚገታ በሴል፣ በሞለኪውልና በዘረ-መል ደረጃ የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ነው። በውስጡም አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ ይገኛሉ።

ብዙ ተማሪዎች ይህን ዘርፍ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ያምታቱታል። የሕክምና ዶክተር በፊቱ የቀረበውን አንድ ሕመምተኛ መርምሮ ያክማል። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ከሕመምተኛው የተወሰደውን ናሙና መርምሮ አስተማማኝ ውጤት ይሰጣል። የባዮሜዲካል መሐንዲስ ደግሞ የሕክምና መሣሪያዎችን ይነድፋል፣ ይተክላል፣ ይጠግናል። የባዮሜዲካል ሳይንስ ተመራማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እርሱም «ይህ ነገር ለምን ሆነ?» የሚል ነው። አራቱ ሙያዎች የሚደጋገፉ ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ታናሽ አይደለም።

አንድ ምሳሌ፦ የጠፋው መስመር

በአፍሪካ በስፋት የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ተሕዋሱን ራሱን ሳይሆን ፋልሲፓረም ብቻ የሚያመርተውን ኤች.አር.ፒ.2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ደሙ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ሲጓዝ በቅድሚያ ቀለም ከተሸከሙ አንቲቦዲዎች (ፀረ-አካላት) ጋር ይገናኛል። ፕሮቲኑ በደሙ ውስጥ ካለ አንቲቦዲዎቹ ይይዙታል። ጉዞው ሲቀጥል በወረቀቱ ላይ በመስመር የተተከሉ ሌሎች አንቲቦዲዎች ያንኑ ፕሮቲን ከነቀለሙ ስለሚያስቀሩት መስመሩ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው መስመር የቁጥጥር መስመር ነው። ይህኛው ቀለም ተሸካሚዎቹን አንቲቦዲዎች ራሳቸውን ስለሚይዝ ወባ ኖረም አልኖረም መታየት አለበት፤ ካልታየ ምርመራው ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ የተሰበሰቡ አንዳንድ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ-መል ጨርሶ እንደሌላቸው ተገለጸ። ተሕዋሱ ያለ ፕሮቲኑ መኖር ይችላል፤ መመርመሪያው ግን ያለ ፕሮቲኑ ሊያየው አይችልም። ከዚያም ተመሳሳይ ግኝት ከኤርትራ ተዘገበ።

በሀገራችንም ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በዚህ ጥናት ግምት መሠረት በኤች.አር.ፒ.2 ላይ ብቻ የተመሠረተ መመርመሪያ በዘረ-መሉ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን 9.7 በመቶ የሚሆኑትን ሳያገኛቸው ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲለወጥ የሚመክርበት ወሰን 5 በመቶ ነው። ስለዚህም በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ሕመምተኛ በእውነተኛው ዓለም ብዙ አምሳያ አለው።

ይህ ለውጥ እንዲህ ሊስፋፋ የቻለው ለምንድን ነው? ጥናቱ የደረሰበት ማብራሪያ በተፈጥሯዊ ምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘረ-መሉ ያለው ተሕዋስ በምርመራ ይታወቃል፤ ሕመምተኛው መድኃኒት ይወስዳል፤ ተሕዋሱም ይሞታል። ዘረ-መሉ የጠፋበት ግን ሳይታወቅ በደም ውስጥ ይቆያል፤ ትንኝም ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። በሌላ አነጋገር፣ ለማዳን የሠራነው መመርመሪያ ራሱ የማይታየውን ተሕዋስ እየመረጠ አበዛው። በዩኒቨርሲቲ «ዝግመተ ለውጥ» በሚል ርዕስ የምንማረው ትምህርት በሰው ሕይወትና ሞት ላይ የሚወስን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የትምህርቱ ይዘት

ከዚህ በላይ ያየነውን ጥያቄ ለመመለስ ስንት ዓይነት ዕውቀት እንዳስፈለገ ልብ እንበል። ተሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ለመለየት ፓራሲቶሎጂ፣ የአንቲቦዲን ሥራ ለመረዳት ኢሚዩኖሎጂ፣ የፕሮቲኑን ጠባይ ለማወቅ ባዮኬሚስትሪ፣ የዘረ-መሉን መጥፋት በፒ.ሲ.አር ለማረጋገጥ ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ስርጭቱን ለማስላት ደግሞ ስታትስቲክስ አስፈልገዋል።

የባዮሜዲካል ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርትም በአብዛኛው ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። በመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ይሰጣሉ። ቀጥሎ የሴል ባዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ይመጣሉ። ከዚያም በሽታን የሚመለከቱት ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ ይከተላሉ። በመጨረሻው ዓመት ተማሪው በመምህር እየተመራ የራሱን የምርምር ሥራ ይሠራል።

በተለይ ሒሳብን ሸሽተው ወደዚህ ዘርፍ ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች ቆም ብለው ሊያስቡበት ይገባል። ከላይ የጠቀስነው 9.7 በመቶ ብቻውን የቆመ ቁጥር አይደለም። አጥኚዎቹ ከ8.5 እስከ 11.1 በመቶ የሚደርስ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ሰጥተውታል። የወሰኑ ዝቅተኛ ጫፍ እንኳ ከ5 በመቶ በላይ ነው። ውጤቱን «በአጋጣሚ የተገኘ ነው» ብሎ ለማለፍ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። ቁጥርን እንዲህ ማንበብ የማይችል ሰው በላቦራቶሪ ያገኘውን ውጤት ትርጉም ሊሰጠው አይችልም።

የሙያ መስኮች

የምርምር ተቋማት። ለተመራቂው በቅድሚያ የሚታሰበው መስክ ምርምር ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ላይ ጀምሮ ዛሬ በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች በሽታዎች ላይም ይመራመራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም የተሰየመበት ሰው ታሪክም ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ እጅግ ተስማሚ ነው። አክሊሉ ለማ ሙያቸው ፓራሲቶሎጂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሕዋስ ማደሪያ በመሆናቸው ይህ ትዝብት በሽታውን የመከላከያ አዲስ መንገድ ከፈተ። ልብሱን ሲያጥቡ የኖሩትን ሴቶች ያየ ሰው ብዙ ነው፤ «ቀንድ አውጣዎቹ ለምን ሞቱ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የኅብረተሰብ ጤና። የበሽታዎችን ስርጭት የመከታተል፣ ወረርሽኝ ሲነሣ መንስኤውን የማረጋገጥና መመርመሪያዎችን የመገምገም ሥራ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በክልል ላቦራቶሪዎች ይከናወናል። «መመርመሪያው ይለወጥ ወይስ ይቆይ?» የሚለውን ጥያቄ ለውሳኔ ሰጪዎች የሚያቀርቡት በዚህ መስክ የተሰማሩ ባለሙያዎች ናቸው።

የመድኃኒትና የመመርመሪያ ምርት። ፋብሪካዎች የምርታቸውን ጥራት የሚያረጋግጡ ባለሙያዎች ያስፈልጓቸዋል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የመሰሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ።

ባዮኢንፎርማቲክስ። የዘረ-መል ንባብ የሚያስገኘው መረጃ በእጅ ሊተነተን የሚችል አይደለም። ባዮሎጂንና የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን አጣምሮ የያዘ ተመራቂ በዚህ መስክ ተፈላጊ ነው።

መምህርነት። የሕክምና፣ የነርስና የፋርማሲ ተማሪዎች ፊዚዮሎጂንና ባዮኬሚስትሪን የሚማሩት በአብዛኛው በእነዚህ ዘርፎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ካላቸው መምህራን ነው።

ከመምረጥ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ የትምህርት ክፍሉን ስም ብቻ አይቶ መመዝገብ ስሕተት ላይ ይጥላል። በሀገራችን የባዮሜዲካል ዘርፎች በብዛት የሚሰጡት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ሲሆን፣ ከባዮሎጂ፣ ከሕክምና ላቦራቶሪ፣ ከእንስሳት ሕክምናና ከመሳሰሉት ክፍሎች የተመረቁ ተማሪዎች ይገቡባቸዋል። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ዲግሪው የሙያ ፈቃድ የሚያሰጥ መሆኑን ከመመዝገቡ በፊት መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ በውጭ ሀገር ለመማር የሚያስቡም ይህንኑ ማጣራት ይገባቸዋል። በብሪታንያ «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው ስያሜ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይችልም። በአሜሪካ ደግሞ የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚጀመር በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ባዮሜዲካል ሳይንስን እንደ መሸጋገሪያ ይወስዱታል፤ ዲግሪው ግን በራሱ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ምርምር ትዕግሥትን ይጠይቃል። ራሱን የቻለ ተመራማሪ ለመሆን ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። በመካከሉ ያልተሳኩ ሙከራዎች ከተሳኩት ይበልጣሉ።

አራተኛና ዋነኛው ነጥብ የአመለካከት ነው። ለሕክምና ትምህርት የሚያበቃ ውጤት ሳያገኝ ቀርቶ ወደዚህ ዘርፍ የሚመጣ ተማሪ ራሱን እንደ ተሸናፊ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ተማሪ አራቱን ዓመታት ወደ ኋላ እያየ ያሳልፋቸዋል። ሰውን በቅርብ አግኝቶ ማከም የሚወድ በእርግጥም ሕክምናን ቢከተል ይሻለዋል። «ለምን?» ማለት የማይታክተው ግን ተስማሚ ቦታውን አግኝቷል።

ማጠቃለያ

በጤና ኬላው «ወባ አይደለም» የተባለውን ሰው ጎበዝ ሐኪም በአጠገቡ ቢኖር ኖሮ ያድነው ይሆናል። የእርሱን መሰል ሺዎች ሁሉ ለማዳን ግን የጠፋው መስመር ለምን እንደጠፋ ማወቅ ግድ ነበር። ባዮሜዲካል ሳይንስ ለኅብረተሰቡ የሚያበረክተው ይህንን ነው። ወጣቱ ተማሪም ዘርፉን ሲመርጥ ይህን አውቆና ወድዶ ሊሆን ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በኤች.አር.ፒ.2 መመርመሪያ ብቻ የተመረመሩ 1,000 የፋልሲፓረም ወባ ሕሙማን ቢኖሩ በጥናቱ ግምት መሠረት ስንቱ ሳይታወቁ ያልፋሉ? በመተማመኛው ወሰን ዝቅተኛና ከፍተኛ ጫፍስ?

2. በአንድ መመርመሪያ ላይ የቁጥጥር መስመሩ ባይታይ ባለሙያዋ ምን ማድረግ ይገባታል? ለምን?

3. ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ያለ ምርመራ የወባ መድኃኒት ቢሰጠው ዘረ-መሉ የጠፋበት ተሕዋስ በዚሁ ፍጥነት ይስፋፋ ነበርን? ይህ አሠራር ምን ሌላ ጉዳት ያስከትላል?