ወሬና ዜና፦ ከ1989 ዓ.ም. ነሐሴ የተገኘ ትምህርት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ቅዱስ ሉቃስ ስለ አቴና ሰዎች አንዲት አጭር ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። ቅዱስ ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ከመናገሩ በፊት፣ የከተማይቱ ተወላጆችም ሆኑ በዚያ የሚኖሩ እንግዶች ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት አዲስ ነገር በማውራትና በመስማት እንደ ነበረ ይነግረናል። ምዕራፉን እስከ ፍጻሜው ያነበበ ሰው፣ እነዚያ አዲስ ነገር ወዳዶች የሙታን ትንሣኤ በተነገራቸው ጊዜ እኩሌቶቹ እንዳፌዙ፣ ሌሎቹም ጉዳዩን ለሌላ ቀን እንዳስተላለፉት ይገነዘባል። ከሰሙት ሁሉ እጅግ አዲስ የሆነው ነገር ፊታቸው ቀርቦ ሳለ፣ ሰምተው ወደየጉዳያቸው ሄዱ።

የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በዚህ እትም የምናጠናው ጉዳይ ከአቴና ሰዎች ጠባይ የራቀ አይደለም። መገናኛ ብዙኃን ስለ ዝነኞች ፍቅር፣ ጠብ፣ ልብስና ቀብር የሚያቀርቡት ወሬ ለሕዝብ ኑሮ የሚያስፈልገውን ዜና እንዴት ከቦታው እንደሚያስለቅቀው እንመለከታለን። ነገሩን በጠቅላላው ከማተት ይልቅ አንድ ወቅት መርጦ መመርመር ይሻላል ብለን የ1989 ዓ.ም. ማለቂያንና የ1990 ዓ.ም. መባቻን መርጠናል።

ያን ጊዜ እኛ ገና የንኡስ ዘርአ ክህነት ተማሪ ነበርን። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ ግብረ ገብ ያስተምሩን የነበሩ አንድ አረጋዊ አባት ወደ ክፍል ገብተው ምንም ሳይናገሩ በሰሌዳው ላይ አራት የቦታ ስሞች ጻፉ፤ ፓሪስ፣ ካልካታ፣ ኦስሎ፣ ራይስ። ከዚያም፣ «ባለፉት ጥቂት ሳምንታት በእነዚህ ቦታዎች ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁን። ለፓሪስ ያልተነሣ እጅ አልነበረም። መኪናው መርሴዲስ መሆኑን፣ ዋሻው በአልማ ድልድይ አጠገብ መሆኑን፣ በሞተር ብስክሌት የተከተሉት ፎቶ አንሺዎች እንደ ነበሩ፣ ሁሉንም እየተሻማን ተናገርን። ለካልካታ ጥቂት እጆች ተነሡ። ስለ ኦስሎ የኖርዌይ ዋና ከተማ ናት ከማለት አላለፍንም። ራይስ ላይ ስንደርስ አንድ ጓደኛችን፣ «አባ፣ በእንግሊዝኛ ሩዝ ማለት አይደለም?» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አባ ግን አልሳቁም።

ራይስ ከአልጀርስ በስተደቡብ የምትገኝ መንደር ናት። ነሐሴ 23 ቀን 1989 ዓ.ም. ለማንጋት የታጠቁ ሰዎች ገብተው ሕፃን፣ ሴት፣ ሽማግሌ ሳይሉ ነዋሪዎቿን ፈጇቸው። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 98 ሲል ሌሎች ዘገባዎች ከ200 በላይ ያደርሱታል። ይህ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 25 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 31 ቀን 1997)፣ የዌልስ ልዕልት ዲያና በፓሪስ በመኪና አደጋ ሞተች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። ጳጉሜን 1 ቀን የተፈጸመውን ቀብሯን በብሪታኒያ ብቻ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተከታተለው።

በመካከሉ ነሐሴ 30 ቀን ማዘር ቴሬዛ በካልካታ ዐረፉ። ሁለቱ ሴቶች ከሦስት ወር በማይበልጥ ጊዜ በፊት፣ በሰኔ ወር፣ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ተገናኝተው ነበር። ማዘር ቴሬዛ በዓለም ዘንድ የታወቁ ነበሩና ዜናው አልተደበቀም፤ መስከረም 3 ቀን ሕንድ በመንግሥታዊ ሥርዓት ቀበረቻቸው። ቢሆንም በብዙ ጋዜጦች የእርሳቸው ዕረፍት ለልዕልቲቱ ቀብር እንደ ግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ቀረበ። እኛም እህቶቻቸው በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የወደቁትን አንሥተው ሲያስታምሙ በዓይናችን ያየን ሳለን፣ ስለ መርሴዲሱ የምናውቀውን ያህል ስለ እርሳቸው አናውቅም ነበር።

ከአራቱ ስሞች ግን እጅግ የሚያስተምረን ኦስሎ ነው። ልዕልቲቱ በሞተች ማግስት፣ ነሐሴ 26 ቀን፣ በዚያች ከተማ ፀረ ሰው ፈንጂን ለመከልከል የተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተከፈተ። መስከረም 8 ቀን የውሉ ቃል ጸደቀ፤ ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. በኦታዋ 122 መንግሥታት ፈረሙት። አገራችን ከፈራሚዎቹ አንዷ ስትሆን በ1997 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ውሉን የተቀበለ አገር ያከማቸውን ፈንጂ በአራት ዓመት እንዲያወድም፣ የተቀበረውንም በአሥር ዓመት ከመሬቱ እንዲያጸዳ ይገደዳል። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በሶማሊያ ጦርነት፣ ኋላም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የድንበር ጦርነት ምድሯ ፈንጂ ለተዘራባት ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ አገር ዲፕሎማሲ አልነበረም። አባ ስለ ኦስሎ ሲያስረዱን፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ የሰሜን ልጅ እጁን አነሣ። የአጎቱ ልጅ ፍየል ሲጠብቅ የረገጠው ነገር አንድ እግሩን እንደ ወሰደበት ነገረን። እንዲህ ያለውን ነገር ለመከልከል ሰዎች ተሰብስበው እንደሚመክሩ ግን ያን ቀን ገና መስማቱ ነበር።

የሚያስገርመው፣ ዲያናን ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኛት የቀን መገጣጠም ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ወደ አንጎላ ሄዳ፣ መከላከያ ልብስ ለብሳ፣ ፈንጂ በሚለቀምበት ሜዳ ውስጥ ተራምዳለች። ካሜራ እንደማይለያት ስለምታውቅ፣ ካሜራውን ራሱን እግራቸው ወደ ተቆረጠ ሕፃናት መርታ ወሰደችው ማለት ይቻላል። ከነሐሴ 2 እስከ 4 ቀን ደግሞ በቦስንያ የፈንጂ ሰለባዎችን ጎበኘች። ታዲያ በዚያው በነሐሴ 4 ቀን እሑድ አንድ የለንደን ጋዜጣ ያወጣው ትልቅ ወሬ ምን ነበር? ከወዳጇ ጋር በጀልባ ላይ ስትሳሳም ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። አንዲት ሴት፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁለት ዓይነት ምስል ለገበያ ቀረበላት፤ ገበያው የትኛውን አብልጦ እንደ ገዛ መናገር አያስፈልገንም።

ፎቶ አንሺዎቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ፓፓራትሲ የሚለው ስማቸው የጣሊያናዊው የፌሊኒ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው «ላ ዶልቼ ቪታ»፣ ከፈጠረው ከአንድ ፎቶ አንሺ ገጸ ባሕርይ የመጣ ነው። በ2000 ዓ.ም. የለንደን መርማሪ ችሎት ዳኞች ለአደጋው የመርሴዲሱን ሾፌርና ተከታትለው የነበሩትን ተሽከርካሪዎች ከባድ ቸልተኛነት ተጠያቂ አድርገዋል፤ ሾፌሩም ሰክሮ እንደ ነበረ ተረጋግጧል። ነገር ግን ፎቶ አንሺው የሚሮጠው አዘጋጁ ስለሚከፍለው ነው፤ አዘጋጁ የሚከፍለው ጋዜጣው ስለሚሸጥለት ነው፤ ጋዜጣው የሚሸጠው እኛ ስለምንገዛው ነው። ወደ ራይስ ዘጋቢ መላክ ብዙ ገንዘብ፣ አስተርጓሚና ድፍረት ይጠይቃል፤ የዝነኛን ትዳር ማውራት ግን አንድ ስልክና አንድ ወሬ አቀባይ ይበቃዋል። ከዚህም በላይ የዝነኞች ወሬ ከባለ ሥልጣን ጋር አያጋጭም። ስለ ግብር፣ ስለ መሬት፣ ስለ እስረኛ መጻፍ ዋጋ በሚያስከፍልበት አገር፣ ስለ ዘፋኝና ስለ ኳስ ተጫዋች መጻፍ ለጋዜጠኛው መጠለያ ይሆነዋል። ይህን ስንል ለመፍረድ አይደለም፤ እኛም በሰሌዳው ፊት ያሳየነውን አልረሳነውም።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ሁለተኛ ክፍል ስለዚህ ዝንባሌ በሰፊው አስተምሯል። ማወቅን መፈለግ በራሱ መልካም ነው፤ በሥርዓት ሲመራ ስቱዲዮሲታስ የተባለ በጎ ምግባር ይሆናል፤ ሥርዓቱን ሲስት ግን ኩሪዮሲታስ ይባላል፤ ይህም ከንቱ ጉጉት ማለት ነው። ሥርዓቱን ከሚስትባቸው መንገዶች አንዱ፣ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ትቶ እምብዛም በማይጠቅመው ሲጠመድ እንደ ሆነ ሊቁ ያስረዳል። ለዚህም ከቅዱስ ሄሮኒሙስ የወሰደው ምሳሌ ወንጌልን ትተው የቲያትር ጽሑፍ የሚያነቡ ካህናትን የሚመለከት ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ለምእመናን ብቻ ልናነበው አንችልም። ልብ በሉ፤ በዚህ አስተምህሮ መሠረት ስለ ልዕልት ዲያና መስማት ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው፣ እርሷን እየሰማን ሳንሰማው የቀረው ማን ነው? የሚል ነው።

የሰውን ገመና ያለ በቂ ምክንያት መግለጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2477 ይህን በእውነት ላይ ከተመሠረተ ሐሜት ይቆጥረዋል፤ ነገሩ እውነት መሆኑ ብቻ ተናጋሪውን ነጻ አያወጣውም። በቁጥር 2494 ደግሞ ኅብረተሰብ በእውነት፣ በነጻነት፣ በፍትሕና በመተባበር ላይ የተመሠረተ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ያስተምራል። ዝነኛ ሰው ገመናው እንዲጠበቅለት፣ መንደርተኛም ሞቱ እንዲሰማለት ይገባል። በ1989 ነሐሴ ሁለቱም ያጡት ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ የምዕራባውያን ደዌ ነው የሚል ቢኖር፣ የራሳችንን ታሪክ ያስታውስ። በአገራችን የዝነኛ ወሬን ቦታ ይዞ የነበረው የቤተ መንግሥት ዜና ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ማንን እንደ ተቀበሉና የት እንደ ጎበኙ የፊት ገጽ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የግርማዊነታቸው 80ኛ የልደት በዓል በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወሎ በረኃብ ታመሰች፤ ዓለም በሰፊው ያወቀው ግን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ትምህርት የተገኘ መስሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ደርግ፣ ሰሜኑ እየተራበ፣ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ አከበረ። የኮረም ረኃብተኞች ምስል ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። የሰልፉንና የሐውልቱን ዜና ያዘጋጁት ሰዎች በአብዛኛው ክፉዎች አልነበሩም ብለን እናምናለን፤ ገጹ ግን በሌላ ነገር ተሞልቶ ነበር።

ዛሬ ገጹን የሚሞላው አዘጋጅ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ወጣት በኪሱ ስልክ ይዞ ይዞራል፤ በዩቲዩብና በቲክቶክ የተመልካች ብዛት ወደ ገንዘብ ይለወጣል፤ ስለ አንዲት ተዋናይት ፍቺ የተባለው በአንድ ሌሊት ከተማውን ያዳርሳል። በኤፍኤም ሬዲዮም የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር በጥዋትም በማታም ይተነተናል። አንድ ወጣት የአንድ አጥቂ የሳምንት ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ በቃሉ ያውቃል፤ የወረዳው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ካጣ ስንት ወር እንደ ሆነው ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። ወጣቱን በመዝለፍ የሚገኝ ነገር የለም፤ ስለ ጤና ጣቢያው የነገረው የለምና።

ስለዚህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ አባ በሰሌዳቸው ካደረጉት የተለየ አይደለም። ተማሪዎቻችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰሟቸውን ዜናዎች እንዲጽፉ አድርጉ። ከዚያ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን የሀብታሙንና የአልዓዛርን ታሪክ አንብቡላቸው፤ ጌታችን በደጅ የወደቀውን ድኃ በስሙ ሲጠራው፣ ሐምራዊ የለበሰውን ሀብታም ግን ስም እንዳልሰጠው አሳዩአቸው። በመቀጠል በጻፉት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የተጠራው እነማን እንደ ሆኑ፣ በቁጥር ብቻ የታለፉት ደግሞ እነማን እንደ ሆኑ ይለዩ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ በቁምስናው ክልል ከሚኖሩ ሰዎች ማንም ያላወራለትን አንድ ጉዳይ፣ የጉድጓድ ውኃም ይሁን የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ራሱ ሄዶ ጠይቆ በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ። የሰማውን ብቻ ሳይሆን ከማን እንደ ሰማው፣ መቼ እንደ ሆነና እውነትነቱን በምን እንዳረጋገጠ ጨምሮ ይጻፍ። ከየቁምስናው የተሻሉትን መርጣችሁ እስከሚቀጥለው እትም ብትልኩልን፣ በዚህ መጽሔት ቦታ እንሰጣቸዋለን።